ሶኬቱን የነቀለው ማን ነው?

«ዛሬ ነፍሰ ገዳይዋን በዓይናችሁ ታዩዋታላችሁ!» አለ ሥራ አስኪያጁ...

አሥራ አንዱም የቢሮ ሠራተኞች በሚሠሩበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ቆመዋል።

በሩ አጠገብ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት።

የስንብት ደብዳቤዋ ተጽፎ፣ ማኅተም ብቻ ቀርቶት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «የድርጅቱን ዓሦች ሆን ብላ በመግደሏ» ይላል።

እንዲህ የሚል ወረቀት የያዘችን ሴት ማን ይቀጥራል? ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ሥራ አስኪያጁ (ከኋላው «ሁሉ-አወቅ» ነው የሚሉት) ከሁለት ወር በፊት የሌላ ድርጅት ቢሮ ውስጥ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚዋኝበት የመስተዋት ገንዳ፣ አየ። አየና ቀና። በማግስቱ ዓሣ መሸጫ ሱቅ ገባ።

ሻጩ ምስኪን ሊያስረዳው ሞከረ።

«ጋሼ፣ ይሄን ለሚያክል ገንዳ ውሃውን የሚያጣራው ትልቁ ፊልተር ነው የሚሆነው። ቀንም ሌትም መሥራት አለበት። ማሞቂያም ያስፈልግዎታል። ዓሣ ሳያስገቡ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት አራት ሳምንት ውሃው ብቻውን...»

«እኔን ልታስተምረኝ ነው? ይልቅ ሰማያዊ መብራት አለህ?»

መብራቱን ገዛ። አረፋ የሚተፋ ቤተ መንግሥት ገዛ። የፕላስቲክ ጠላቂ ዋናተኛ ገዛ።

ፊልተሩን ግን... ትንሹን! ትልቁ «እይታ ያበላሻል» ብሎ።

ማሞቂያውንማ «ዓሣ ደግሞ ይበርደዋል እንዴ?» ብሎ ሳቀበት።

በዚያው ቀን ሃያ ዓሣ ገንዳው ውስጥ ዘረገፈ። መሥሪያ ቤት የሚመራው እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ነው!

ዓሦቹ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ገልብጠው መንሳፈፍ ጀመሩ። ሰባት ብቻ ሲቀሩ ሁሉ-አወቅ ፍርዱን ሰጠ።

«የምታጸዳው እሷ ናት። መርዛቸው ነው የሞቱት!»

ከዚያ ቅዳሜ ማንም በሌለበት ጣሪያው ጥግ ላይ ካሜራ አስገጠመ። ለማሞቂያ የሰሰተው ሰውዬ ካሜራውን ግን ምርጡን ነው የመረጠው።

ይኸው አምስት ቀን የተቀረጸው ሊታይ ነው። እሱ ራሱ ገና አላየውም። ምን ያደርግለታል? ያውቀዋላ!

ቪዲዮው ግድግዳው ላይ በራ...

መጀመሪያ እትዬ ታየች። የፊልተሩን ስፖንጅ አውጥታ፣ ከገንዳው በቀዳችው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ መለሰችው።

«አያችሁ!» ብሎ ጮኸ። «በዱቄት ሳሙና እጠቢው ብያት፣ እሷ በቆሻሻ ውሃ!»

«በሳሙና ከታጠበ ዓሦቹ ያልቃሉ...» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «ስፖንጁ ላይ ውሃውን የሚያጠራ ባክቴሪያ አለ፤ ሳሙናው ይገድለዋል። መመሪያው ላይ ተጽፏል።»

«የምን መመሪያ?»

«ከዕቃው ጋር የመጣው ነዋ። እርስዎ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ቅርጫቱን የምደፋው ደግሞ እኔ ነኝ... አውጥቼ አነበብኩት።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ቪዲዮው ቀጠለ...

ሁሉ-አወቅ ስልክ እያወራ ከቢሮው ወጣ። የፊልተሩ ድምፅ ስለረበሸው ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ወሬውን ጨርሶም አልሰካውም። ምሳ ሄደ!

ከሁለት ሰዓት በኋላ እትዬ መጥታ ሰካችው።

በማግስቱም ነቀለ። እትዬ ሰካች።

በሦስተኛው ቀን እንግዶች ይዞ መጣና «እዩ እንዴት እንደሚበሉ!» እያለ ምግቡን በእፍኙ በተነው። ሲሄዱ እትዬ ትርፉ በስብሶ ውሃውን እንዳይመርዘው በትንሽ መረብ ለቅማ አወጣችው።

እነዚያ ሰባቱ በማን ምክንያት የተረፉ ይመስላችኋል?

ካሜራ እንዳለ እያወቀ ለምን ነቀለ አትሉኝም? ጥፋት መሆኑን አያውቅማ!

እስካሁን እየሳቃችሁ ነው አይደል? አሥራ አንዱም በሆዳቸው እየሳቁ ነበር...

ግን ካሜራው የቀረጸው ገንዳውን ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያሉትን ጠረጴዛዎች በሙሉ ይዟል።

ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ጸሐፊዋ ቀና ትላለች... ታያለች... ተመልሳ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች።

ሒሳብ ሹሙ ቀና ይላል... ያያል... ያቀረቅራል።

ሌሎቹም እንደዚያው። አምስት ቀን ሙሉ!

ያንን የስንብት ደብዳቤ የጻፈችውስ ማን ትመስላችኋለች? ያቺው ጸሐፊ!

ሳቁ ድራሹ ጠፋ።

ሁሉ-አወቅ ጉሮሮውን ጠራረገና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«በይ እንግዲህ... ለዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ። ወደ ሥራሽ ተመለሺ።»

ይቅር ብዬሻለሁ!! እሱ ለእሷ! እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

እትዬ ግን ወደ እሱ እንኳ አልዞረችም። ያየችው አብረዋት የሚውሉትን ነው።

«እሳቸውስ አያውቁም ነበር» አለች። «እናንተ ግን እያያችሁ...»



ደብዳቤውን አንስታ በሁሉም ፊት ቀደደችው። ከዚያ ወለሉን መወልወል ቀጠለች። አሥራ አንዱም ወንበራቸው ላይ ተመልሰው፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት እግራቸውን እያነሡ አሳለፏት።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ?

ሁሉ-አወቅን መናቅ ቀላል ነው፤ እኔም ከልቤ ንቄዋለሁ። ግን አንድ ደንቆሮ አለቃ ብቻውን ሰው አያጠፋም። እያዩ የሚያቀረቅሩ አሥራ አንድ ሰዎች ያስፈልጉታል። ከእሱ ይልቅ እነሱን ነው የናቅኩት።

እናንተስ... ከአሥራ አንዱ አንዱ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር?

«እኔማ እናገር ነበር» ለማለት አትቸኩሉ፤ አሥራ አንዱም ቢጠየቁ እንደዚያ ነው የሚሉት። ይልቅ እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ለመጨረሻ ጊዜ አይታችሁ ያቀረቀራችሁት መቼ ነው?