የተደለደለው ተራራ

«ተበላሽቶ ስላገኘሁት ደለደልኩልሽ» ይላሉ የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ፣ የመስታወቱን ሣጥን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ።

ተመራቂዋ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። ትናንት በሣጥኑ ውስጥ ያለው አሸዋ ሸንተረር ሠርቶ፣ ሸንተረሩም ጀርባው ላይ ተሰንጥቆ ነበር። አሁን እንደ ተነጠፈ አልጋ ለጥ ብሏል።

«እማማ፣ የተበላሸ አልነበረም። ተራራ ነበር።»

«ተራራ? በሣጥን?»

«ሁለት የምድር ንጣፎች በሰያፍ ሲገፋፉ የሚያነሡት ተራራ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ሊያዩት ይመጣሉ። ካላዩት ምረቃዬ ለከርሞ ነው።»

ሴትዮዋ ጨርቃቸውን ያጥፋሉ፤ ይዘረጋሉ፤ መልሰው ያጥፋሉ። «እኔ እኮ በፈተናዋ ቀን ክፍሉ ንጹሕ ይሁንላት ብዬ ነው። በይ፣ የማይታፈሰው የፈሰሰ ውኃ ነው፤ አሸዋ ይታፈሳል።»

ሁለቱም ሣጥኑ ውስጥ ቀይና ነጭ አሸዋ በወንፊት ተራ በተራ እየነፉ ያነጥፋሉ። በላዩም በሣጥኑ አንድ ጫፍ ከቆመው ተንቀሳቃሽ ሳንቃ እስከ ማዶው ጠርዝ በከሰል ዱቄት ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ። ይህ ቀላሉ ነው። ሳንቃውን የሚገፋው ሞተር ግን ሥራውን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ልጅቷ በእጇ ልትሞክረው ስትል ደግሞ ሳንቃውን ይዛ መልሳ ትለቀዋለች።

«ወደ ፊት ብቻ ከተገፋ ተራራው ይነሣል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም» ትላለች። «ወደ ፊትም ወደ ግራም፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ መግፋት ያስፈልጋል። የሰው እጅ አይችለውም።»

«እስቲ ዘወር በይ።»

የሴትዮዋ የጽዳት ጋሪ ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ከተጣመመ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በየዓመቱ ለጥገና ክፍል ያመለክታሉ፤ በየዓመቱ «ይታያል» ይባላሉ። ጋሪው ወደ ቀኝ ስለሚሸሽ፣ ረጅሙን ኮሪደር የሚጨርሱት ወደ ፊትም ወደ ግራም አድርገው እየገፉት ነው። አሁንም ሳንቃውን በሁለት እጃቸው ይይዙና ልክ እንደ ጋሪያቸው ይገፉታል።

አሸዋው በመጀመሪያ ያብጣል። ከዚያ አንድ እጥፋት ይነሣል፤ ከፊቱም ሌላ ይከተላል። በሸንተረሩ ጀርባ ቀጭን ስንጥቅ ይሮጣል፤ ጥቁሩ መስመር ይጎብጣል፣ ይበጠሳል፣ ሁለቱ ጫፎችም ይተላለፋሉ።

«እንደኔና እንደ ጎረቤቴ» ይላሉ ሴትዮዋ፣ እጃቸውን ሳያላሉ። «ስንገፋፋ ኖረን ኖረን፣ ዛሬ ሳንተያይ እንተላለፋለን።»

በሩ ይንኳኳል።

«ወለሉ እርጥብ ነው፤ በዳር በዳር ይምጡ» ይላሉ ሴትዮዋ። ፕሮፌሰሩም ታዝዘው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይመጣሉ። በሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው ጥቁሩን መስመር በጣታቸው ሳይነኩት ይከተላሉ። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆማል፤ ከዚያም የቀረውን ግማሽ ፍለጋ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ያገኘዋል።

ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ የብዕራቸውንም ክዳን ይከፍታሉ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስረጂኝ።»

ልጅቷ ወደ ሣጥኑ ጠጋ ትላለች። ክርኗ ሣጥኑን ነካ ሲያደርገው፣ ከጠርዙ ያመለጠ ጭብጥ የማይሞላ አሸዋ ንጹሑ ወለል ላይ ይረግፋል።

ሴትዮዋ ያዩታል። ቀኝ እጃቸው ወደ መጥረጊያው ይዘረጋል፤ ግራ እጃቸው መንገድ ላይ ይይዘዋል።