አማልክትን የሚያወርደው ሰው

የማንሻውን ግንድ ቆልፎ የያዘው ችካል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ገመዱ የሚጠቀለልበት ግንድ ወደ ኋላ መሽከርከር ሲጀምር፣ ኒካንድሮስ ዘሎ ገመዱን በሁለት እጁ ጨበጠና እግሩን ከድንጋዩ ጋር ወጥሮ ቆመ። ገመዱ መዳፉን ልጦት ነው የቆመው።

ከመድረኩ የእንጨት ግድግዳ ወዲያ፣ አምላኩን አፖሎንን ሆኖ በአየር ላይ የተንጠለጠለው ተዋናዩ ቴሌስ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ተንገጫገጨ። ንግግሩን ግን አላቋረጠም። ገና አጋማሹ ላይ ነበር።

"ጨርስ በናትህ!" አለ ኒካንድሮስ ጥርሱን ነክሶ። አብሮት ገመድ የሚስበው ላኮን "ውሃ ሽንት ደርሼ መጣሁ" ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ጮኾ እንዳይጠራው ደግሞ ሕዝብ ፊት አምላኩን ማዋረድ ይሆናል።

በግሪኮቹ ከተማ በኤሬትሪያ ሃያ ሁለት ዓመት አማልክትን አውርዷል፤ አንዱንም ከፊት ለፊት አይቶ አያውቅም። ድሮ ሚስቱ ሚርቶ ከሴቶቹ ጋር ከላይ ተቀምጣ ታይለት ነበር። ቤት ሲገቡ "ዛሬ ያ ሥጋ ሻጭ ጎረቤታችን አለቀሰልህ! እንደ ሕፃን!" ትለዋለች። እሷ ከሞተች ይኼ ሁለተኛው የትያትር በዓል ነው።

ደሙ በገመዱ ላይ እየወረደ ንግግሩ ቀጠለ። ድንገት ሕዝቡ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ሲንሰቀሰቅ ተሰማ፤ ከዚያም ብዙ።

ላኮን ሮጦ የደረሰው ይኼኔ ነው። ተዋናዩ የተንጠለጠለበትን የማንሻውን ክንድ ከግድግዳው ወዲህ አዞረው፤ ቴሌስንም አብረው አወረዱት።

"ልትገድሉኝ ነው እናንተ?" አለ ቴሌስ ጭምብሉን ሳያወልቅ። ከዚያ የኒካንድሮስን መዳፍ አየ። ጭምብሉን አወለቀ።

"ምን ላድርግልህ፣ አባቴ?"

"ማን ነው ያለቀሰው?"

"ምን አልክ?"

"እዚያ ወዲያ። ቃሉንማ ሰምቼዋለሁ። ማን ማን አለቀሰ? ፊታቸው እንዴት ነበር?"

ቴሌስ ጭምብሉን ገልብጦ አሳየው። ለዓይን የተበሱት ቀዳዳዎች ከአውራ ጣት አይሰፉም። "በዚህ ምን ይታያል ብለህ ነው? እኔ ያየሁት ሰማይ ብቻ ነው። ልቅሶውን እንዳንተው በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

ላኮን ውሃና ጨርቅ ፍለጋ ሄደ። ቴሌስ የአምላክ ልብሱን ሰብስቦ ከኒካንድሮስ አጠገብ አፈር ላይ ተቀመጠ። ከግድግዳው ወዲያ ሕዝቡ እየተነሳ ነው፤ የጫማ ኮቴ፣ ሳቅ፣ ልጇን የምትጣራ ሴት። ሁለቱ ሰዎች ጀርባቸውን ለእንጨቱ ሰጥተው፣ ድምፁ ቁልቁል ወርዶ እስኪያልቅ አዳመጡ።