ለገዢ የተሰናዳ ቤት

«ወንበሩን ወዴት ነው? መልሰው!»

ተክለአብ ወንበሩን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ተናኘወርቅ ከደረጃው ሥር ሆነው እጃቸውን በሽርጣቸው ያደርቃሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሥራዬ ነው። ቤት ሲሸጥ ዕቃ ይቀነሳል። ሳሎኑ ሰፋ ብሎ ሲታየው ነው ገዢ ልቡ የሚከጅለው።»

«የኔዎቹ መቀመጥ ይወዳሉ። መልሰው አልኩህ! ሌላም ከቤተ ክርስቲያን አስመጥቻለሁ፤ ግድግዳውን አስይዘህ ደርድር።»

ሃያ ሁለት ወንበር። ተክለአብ በሆዱ እየተሳደበ ደረደረ።

ትምህርቱን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጥሎ ለንደን ውስጥ የሆሎዌይን መንገድ ሲለካ የኖረ ልጅ ነው። አንድ ቤት አሻሻጭ ዘንድ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ያረጀ ቤት እንደ ሙሽራ ይኩላል። የቤተሰብ ፎቶ ያወርዳል፣ ግድግዳ ክሬም ይቀባል፣ ጠረጴዛ ላይ አበባ ያቆማል። እርጥበት ያጠቆረውን ግድግዳ ሸፍኖ የሰው ዓይን መሸወድ ለሱ ቁርስ ነው።

ይህን ቤት ግን መኳል አልፈለገም። የእትዬ ይሁን እንጂ እሱም የሚኖርበት ቤት ነው። ከላይ፣ ከሱ ክፍል አጠገብ ያለችው ትንሿ ክፍል ደግሞ የእናቱ ናት። አገር ቤት ያለችውን እናቱን ዘጠኝ ዓመት አላያትም። ኤምባሲው «የት ነው የምታርፈው?» ብሎ የጠየቀውን ደብዳቤ እትዬ ተናኘወርቅ ራሳቸው ናቸው የፈረሙለት። ሰኔ ላይ ትመጣለች። ቤቱ ከተሸጠ ደብዳቤው ወረቀት ነው፤ ቪዛውም ውኃ በላው።

ሰኞ ዕለት ነው ሴትየዋ ድንገት የተናገሩት። «ቤቱን ልሸጠው ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሊያዩት ይመጣሉ። አንተ ታውቅበት የለ፣ አሰናዳልኝ።» ሲናገሩ ዓይኑን አላዩትም።

ደጁ ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ሰሌዳ አልተተከለም። አሻሻጭም ብቅ አላለም። በዚያ ላይ ስልኩ ከሰኞ ጀምሮ ድምፁ ጠፋ። «ተበላሽቷል» አሉ። ተክለአብ ዓርብ ከሰዓት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ሽቦው ተነቅሏል። ሆን ተብሎ።

«አሃ!» አለ። «ነገሩ በጓሮ ነው። ገዢው ሲደውል እኔ አንሥቼ እንዳልሰማባት።»

በሆዱ አንቱታው ቀረ።

ወደ ላይ ወጣ። የእናቱ ክፍል ግድግዳ ድሮ በእርጥበት የጠቆረ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀብቶ እንደ አዲስ አድርጎታል። አሁን መፋቂያውን አነሣ። ጥቁሩ እስኪያፈጥ ድረስ ፋቀው። እርጥበት ያየ ገዢ እግሬ አውጪኝ እንደሚል ያውቃል። ለእናቱ ሲል ያሳመረውን ለእናቱ ሲል አበላሸው።

ማታ እትዬ ተናኘወርቅ ትሪ ሙሉ አቀረቡለት።

«ብላ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ብላ አልኩህ! ነገ እህል የምትቀምስበት ጊዜ አይኖርህም።»

እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሙ። ኅሊናዋ ነው የሚያጎርሰኝ፣ አለ በልቡ።

ቅዳሜ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ተክለአብ ከፈተ። ፈረንጅ ሲጠብቅ ሐበሻ ገባ። ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። ከፊንስበሪ ፓርክ፣ ከክላፋም፣ ከየት ከየቱ። ፊት ፊት የሚሄዱት የሐበሻ ማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ገብረ መድኅን ናቸው።

ተክለአብ ገባው። ማኅበሩ መሰብሰቢያ ቤት ሲፈልግ ዓመት አልፎታል። ለካ ለነሱ ነው!

«እንኳን ደህና መጡ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ከላይ ያሉትን ክፍሎች አያዩም?»

«እናያለን ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጡ። ካፖርቱን ያወለቀ የለም። ጣራ ቀና ብሎ ያየ፣ መስኮት የነካ የለም።

መጨረሻ ላይ ወንድይራድ ገባ። የልብ ጓደኛው ነው፤ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ከአልጋው የማይነሣ ሰው።

«አንተም? አንተም ታውቅ ነበር?»

ወንድይራድ ጫማውን አየ። «ከማክሰኞ ጀምሮ።»

«ከማክሰኞ! ከትናንት ወዲያ አብረን ስንሥቅ አልዋልንም? ይሁዳ!»

ወንድይራድ ከኋላው መጥቶ ሁለት ትከሻውን ያዘው። ተክለአብ ሊያራግፈው ሞከረ፤ እጁ አልላላም።

«ልቀቀኝ! እትዬ፣ ቤትዎን ለፈለጉት ይሽጡ፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ግን ሰኔ ላይ እናቴ ስትመጣ የት ላስገባት ነው? ፈርመውልኛል እኮ! ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ አንዲት ክፍል ይቀማታል?»

እትዬ ተናኘወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። 

አቶ ገብረ መድኅን ቀስ ብለው ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ በርታ» አሉት። «እናትህ ከተቀበሩ ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው ነው።»