ሁለተኛው መቀመጫ

ባልየው ለሚሠራው ጀልባ የሚያስፈልገውን የዕቃ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ "ገንዘቡ አልበቃም፤ የግድ ያልሆነውን ሁሉ እንሰርዝ" አለ። ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ለጀልባው የሸጠችው፣ "አብረን እንሠራበታለን" ስላላት ነበር። የፀሐይ ጥላው ሲሰረዝ እሺ አለች፤ ቀለሙም ሲሰረዝ እንደዚያው። እርሳሱ "ሁለተኛ መቀመጫ" ላይ ሲደርስ ግን ሳቅ ብላ፣

"እኔስ የት ልቀመጥ ነው?" አለችው።

"አንቺ ደግሞ ውሃ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎ ሰረዘው። ለእሷ መቀመጫ በልኩ የተቆረጠውን ጣውላም አንስቶ አጋደመው። "ይሄ ለኔ መደገፊያ ይሆናል። ወገቤን ታውቂው የለ።"

መጋዙን አነሳ። "በይ፣ እንዳይንቀጠቀጥ ያዥልኝ።"

ሳቋ ፊቷ ላይ እንደደረቀ፣ የጣውላውን ጫፍ በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘችለት።