ከቢስክሌት መውረድ

«ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ አባ፣ ቁልቁለቱ መጣ» አለ ታረቀኝ፤ ፔዳሉንም ተወው።

ከኋላው የተቀመጠው አባቱ በራሶ ሁለት እጁን በልጁ ወገብ ላይ ጠመጠመ። ጎማው ጠጠሩን እያፈናጠረ ወረደ። ከዲላ ወደ ወናጎ የሚወስደው መንገድ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ይወርዳል፣ ትንሽ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል፤ ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና ነው፤ ከላይ የዋንዛና የብርብራ ጥላ። ሌላ አቋራጭ መንገድ ነበር። ታረቀኝ ዙሪያውን የመረጠው ሆን ብሎ ነው፤ አባቱ ዕድሜውን በእግሩ ሲለካው የኖረውን አገር አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ ይየው ብሎ።

በራሶ ሳቀ። «እናትህ ብታየኝ» አለ በጌዴኦኛ፣ «ሽማግሌው እንደ ጆንያ ተጭኖ ሄደ ትል ነበር።»

«ጆንያ አይስቅም።»

«እንዲህ ካንደረደርከው ጆንያም ይስቃል።»

የሚሄዱት ወደ ባላምባራስ ወንድይፍራው ግቢ ነው። በራሶ የእሳቸው ጭሰኛ ነው። ቡናውንም እንሰቱንም በእጁ ተክሎ ያሳደገው እሱ፣ የመሬቱ ጌታ ግን እሳቸው ናቸው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘንድሮ ቡናውን በሽታ መታውና ድርሻቸው ጎደለ። «አይቼው ባላውቅም አስተማሪ ልጅ አለኝ ትል የለም? ይምጣና ዋስ ይሁንህ፤ አለዚያ መሬቱን ልቀቅ» አሉት። ታረቀኝ ከጠዋት ጀምሮ በሆዱ ሲሟገት ነበር። ሰው በገዛ እጁ ለተከለው ዛፍ ዋስ ይጠራል? ቢሆንም እሺ ብሎ ወጣ። እጅ መንሻ የሚሆነው የማር ቅል ከኋላው መቀመጫ ጎን ታስሯል።

ቁልቁለቱ አልቆ ዳገቱን ሲያጋምሱት ከአናቱ ላይ አንዲት በቅሎ ብቅ አለች፤ ከላይዋ ጃንጥላ፣ ከጎኗ ጠመንጃ የተሸከመ አሽከር።

«ባላምባራስ ናቸው» አለ በራሶ። ሳቁ ከድምፁ ጠፋ። «ውረድ ልጄ።»

በበቅሎ የሚሄድ ትንሽ ሰው ትልቅ ሰው ሲያይ ይወርዳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለ ቢስክሌት ግን ማንም የደነገገው ነገር አልነበረም።

«ይህ በቅሎ አይደለም፣ አባ። እጅ ነስቼ አልፋለሁ።»

«ውረድ እልሃለሁ።»

«አንተ ተክለህ እሳቸው ይበላሉ፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ልውረድላቸው?»

ቢስክሌቱ ድንገት ቀለለ፣ ዳገቱም ሜዳ ሆነ። ታረቀኝ እጅ መንሳቱንም ረሳው። አንገቱን ቀና አድርጎ በበቅሎዋ አፍንጫ ሥር አለፈ፣ በቅሎዋ ደነበረች፣ ወዲያው ማዶው ቁልቁለት ተቀበለው። ነፋሱ ሸሚዙን ነፋው። አንዲት እስትንፋስ ያህል፣ ነፃ መውጣት ማለት ይኼ ነው አለ በልቡ። ቢስክሌቱን ያቀለለው የአባቱ መውረድ እንደሆነ የገባው ፍሬኑን ሲይዝ ነው።

ዞሮ አየ። በራሶ ቆቡን አውልቆ፣ የደነበረችውን በቅሎ ልጓም ይዞ ቆሟል።

«ማነው ይሄ አሳዳጊ የበደለው?» ሲሉ ተሰማው ባላምባራስ።

«እኔ አላውቅም ጌታዬ» አለ በራሶ። በአማርኛ ሲናገር ድምፁ ያንሳል። «መንገድ ላይ አገኘኝ፤ ጫነኝ።»

«ዋስህስ? ዛሬ ልጄን አመጣለሁ አላልክም?»

«አመመው ጌታዬ። ቅዳሜ ይመጣል።»

«ቅዳሜ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ጭሰኛ አስገባበታለሁ።»

ታረቀኝ ልጁ እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። ከተናገረ ግን አባቱ ውሸታም ይሆናል፤ ውሸታም ጭሰኛ ደግሞ ቅዳሜን አያይም። ያኔ ዓይኑ ማሩ ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ጌታው ፊት ባዶ እጁን ቆሟል።

ወረደ። ቢስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ። በአንድ እስትንፋስ የወረደው መንገድ ሲወጡት ረጅም ነበር። እንደደረሰ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ከዚያ ቅሉን ፈታ።

«አባት፣ ዕቃዎን ረስተው ወረዱ።»

አባቱን እንደ ባዕድ አንቱ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ባላምባራስ ከበቅሎዋ ላይ ቁልቁል ተመለከቱት። «ለካ መውረድ ታውቃለህ። የማን ልጅ ነህ?»

«የሩቅ አገር ሰው ነኝ፣ ጌታዬ።» ጌታዬ የሚለው ቃል ከአፉ እንዴት እንደወጣ አላወቀም።

«የሩቅ አገር ሰውም አባት አለው። ግዴለም፣ መልክህን ይዤዋለሁ። ሁለተኛ እንዳልስተው።»

አባትና ልጅ በአንድ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ቅዳሜ ይህን ፊት ይዞ ዋስ ነኝ ብሎ መቅረብ እንደማይቻል ለሁለቱም ገባቸው።

በራሶ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ የልጁን ጣቶች ግን አልነካም።

«አሳዳጊህ ይባረክ» አለው፣ መንገደኛ ለመንገደኛ እንደሚለው።

በቅሎዋ ወደ ዲላ ተንቀሳቀሰች። በራሶ ቅሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ከእርካቡ ጎን ሶምሶማ እያለ ተከተላት፤ ዞሮም አላየ። ዋንዛው ጥላ ሥር ሲገቡ ከዓይን ተሰወሩ።

ታረቀኝ ቢስክሌቱን ደግፎ እዚያው ቆመ። ለአባቱ እንዲመቸው ብሎ መቀመጫው ላይ ያነጠፈው ጆንያ መሐሉ ጎድጎድ እንዳለ ነው። መዳፉን አሳረፈበት። ሞቅ ይላል፤ ከፀሐይ ይሁን ከአባቱ መለየት አልቻለም።