ስልሳ ሴንቲ

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ከምግብ ጋር ተጣላች። ያጣላቻት ስልኳ ውስጥ ያለች አንዲት የስፖርት አሠልጣኝ ናት፤ ከፊቷ ይልቅ ሆዷ የታወቀ። "ወገባችሁ ስልሳ ሴንቲ እስኪገባ እራት የሚባል ነገር እንዳታስቡ!" ትላለች። ሁለት መቶ ሺህ ተከታይ አላት። የእሷን እራት ማን እንደሚበላላት ግን አይታወቅም።

የልጅቷ ወገብ ስልሳ ስድስት ነበር። ለስድስት ሴንቲ ብላ ከእራት ሌላ ቁርሷንም ተወች፤ ምሳዋን ለጓደኞቿ አደለች። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ራሷን አዙሯት ወደቀች።

እናት አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ከሣጥን አንድ አሮጌ የጨርቅ ሜትር አወጣች።

"በይ፣ ይኼ ያንቺ ነው። አንገቴ ላይ ያለውን እየመነተፍሽ ሥራ አታስፈቺኝ። ስልሳ የገባሽ ቀን ግን ትበያለሽ። ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው፣ እማ።"

አክስት ይህን ስትሰማ ጨርቄን ማቄን ሳትል መጣች።

"እህቴ፣ ጤነኛ ነሽ? ልጅ በረሃብ ስታልቅ ሜትር ታቀብያለሽ?"

"ልጄ ጎበዝ ናት፤ ትደርሳለች።"

"ገብቶኛል! የሱቅሽ ማስታወቂያ ልታደርጊያት ነው!"

እናት የልጅቷን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ የወገቡን ስፌት መተርተሯን ቀጠለች። አክስት እያጉረመረመች ዙሪያውን ገላመጠች። መስታወት፣ መቀስ፣ ያላለቀ ኮት። የልጅቷ ሜትር ከምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ እንዳይጠቀለል ጫፉ ላይ የድሮው ብረት ካውያ ታስሮበታል።

"ልጅቷንም እንዲሁ ስቀያትና ይለይልሽ!" ብላ ወጣች።

ልጅቷ በየማለዳው ትለካለች። ስልሳ አምስት። ስልሳ ሦስት። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ይዞር ጀመር። አክስት ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ቀሚሱ ብቻውን ነው የሚሄደው" እያለች እንባዋን ታብሳለች።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷ እየዘለለች ሱቁ ገባች።

"እማ! ስልሳ! ስልሳ ገባሁ!"

"ቃልሽስ?"

ልጅቷ ተቀመጠች። ሁለት ሳህን ጠርጋ ሦስተኛውን ጠየቀች።

"አሁን ቢበላ ምን ዋጋ አለው፣" አለች ልጅቷን ተከትላ የገባችው አክስት፣ "ሰውነቷ ካለቀ ወዲያ!"

በዚህ መሐል አንዲት ወፍራም ደንበኛ ቀሚስ ልታሰፋ ገባች። እናት እጇ በሳህን ተይዟል። አክስት ልርዳ ብላ ካውያውን ፈትታ ሜትሩን ከምስማሩ አወረደችና በሴትዮዋ ወገብ ዙሪያ አዞረችው።

"ሰባ ስምንት።"

"ሰባ ስምንት?" ደንበኛዋ በደስታ ጮኸች። "ባለፈው ወር ሰማንያ ስድስት ነበርኩ እኮ!"

እናት ሦስተኛውን ሳህን ልጇ ፊት አስቀመጠችና ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

"እሱን ቶሎ ወደ ምስማሩ መልሺልኝ፤ ልብስ የሚሰፋበት አንገቴ ላይ ያለው ነው።"