አራተኛው ክፍል

መምህር ኦሊቃ በኮምፒውተር ላቡ የሰጡት የጃቫ ፕሮግራም ሥራ ቀላል ነበር፦ ያደጋችሁበትን ቤት በአንድ ክላስ፣ ማለትም በአንድ የኮድ ማቀፊያ፣ ጻፉ፤ ክፍሎቹን ደግሞ በውስጡ ባለ ክላስ። «የውስጡ ክላስ ያለ ውጪው መኖር አይችልም። ቤቱ ከጠፋ ክፍሉም አብሮ ጠፋ» ብለው ነበር ጠዋት።

ድንቅቱ እናቷ ብቻዋን የምትኖርበትን፣ ጎጆ ከተማ ያለውን ቤት ጻፈች፤ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድቤት። ፕሮግራሙ ሲነሳ ግን አራት ክፍል አወጣ። አራተኛው ስም የለውም። «ውስጡ ያለ ሰው፦ 1» ይላል። ኮዱን መስመር በመስመር አየችው። ሦስት ክፍል ነው የጻፈችው፤ ስለ ሰው ጭራሽ አልጻፈችም።

በራሷ ሳቀች። ቢሆንም ለእናቷ ደወለች።

«አዮ፣ የት ነሽ?»

«እኔም ልጠይቅሽ ነበር፣ ልጄ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ድንች ላወጣ ከማድቤቱ ጀርባ ያለውን በር ከፍቼ ገባሁ። ይህን ክፍል መቼ ነው የሠራነው? ብርድ እንኳ የለውም። በሩን ግን ተመልሼ ላገኘው አልቻልኩም።»

የላቡ ሰዓት አልቆ ነበር። መምህር ኦሊቃ ተማሪ አልወጣ ሲላቸው እንደሚያደርጉት የላቡን መብራት ወደሚያጠፋው ብሬከር ሄዱ።

«መምህር፣ በእናትዎ፣ አያጥፉት!»

«ሴቭ አላደረግሽም ማለት ነው?» ብለው ሳቁና ወደ ታች ጫኑት።

ስክሪኖቹ ሁሉ ጨለሙ።

«ልጄ፣ እዚህም መብራቱ ጠ—» አለች እናቷ።

ስልኩ አልተቋረጠም፤ የእናቷ ድምፅ ግን ጠፋ።